የሽጉጥ ፈቃድ ኮርስ በሜሪላንድ፦ ስለ ሌባው ብዙ፣ ስለ ቤተሰቡ ጥቂት

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ኮርሱ የተከፈለበትን ያህል ነው። አስተማሪው ሥራውን ያውቃል፤ የተኩስ መለማመጃው ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነው። ነገር ግን በአራት ሰዓት ውስጥ ከሁሉ በፊት መነገር የነበረበት ነገር ሳይነሣ ወጥተናል። ስለዚህ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ወደ ፍሬድሪክ በሚወስደው በ270 መንገድ ላይ ነው፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የሜሪላንድን ነገር ለማያውቅ፦ እዚህ እንደ ቨርጂኒያ ሱቅ ገብቶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አልፎ በዚያው ቀን ሽጉጥ ይዞ መውጣት የለም። መጀመሪያ ኤችኪውኤል የሚሉት የመግዣ ፈቃድ ይወጣል። ዕድሜ 21 መሙላት፣ የጣት አሻራ፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ኮርስ፣ ለስቴቱ ፖሊስ 50 ዶላር፣ ከዚያ እስከ 30 ቀን መጠበቅ። ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ሱቅ ሄደው መርጠው ሲጨርሱ ደግሞ ሌላ 7 ቀን አለ። ይህ ሁሉ ገዝቶ ቤት ለማስቀመጥ ነው፤ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ የሚሰጠው ፈቃድ ሌላ ነው፣ ኮርሱም 16 ሰዓት ነው። አበሻው ሁለቱን ሲያምታታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ፈቃድ አለኝ» ብሎ መኪና ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ካለ፣ የትኛው ፈቃድ እንደሆነ ዛሬውኑ አውጥቶ ይይ።

ቤታችን በዚህ ጉዳይ ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። ባለቤቴ የጎጃም ሰው ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ መኪና መስበር ሲበዛ «አባቴ ምንሽሩን ምሰሶ ላይ ሳይሰቅል ያደረበት ሌሊት የለም፤ እኔ አሜሪካ መጥቼ በቤዝቦል ዱላ ልጠብቃችሁ?» ማለት ጀመረ። እኔ ጉለሌ ነው ያደግሁት። መሣሪያ የማውቀው በዘበኛና በወታደር እጅ ነው፤ አሁን ደግሞ በሥራዬ፣ ማለትም በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የማታ ነርስ ሆኜ፣ የሚያደርሰውን ነው የማውቀው። «የምትገዛው አንተ ብትሆንም አብሮት የሚያድረው ሁላችንም ነን፤ እንግዲያው አብረን እንማር» ብዬ ሁለታችንንም አስመዘገብሁ። ለአንድ ሰው 150 ዶላር ነው። የኪራይ ሽጉጥ፣ ጥይት፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ በዚያው ውስጥ ነው፤ አሻራው ለብቻው ይከፈላል።

ክፍሉ ውስጥ ደርዘን ያህል ሰው ነበር። ፊት ወንበር ላይ ደብተር ይዘው የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊት አያት፣ የቀን ደሞዙን በጥሬ ገንዘብ ስለሚቀበል እንደሚፈራ የነገረን የኤል ሳልቫዶር ልጅ፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ ከኋላ ደግሞ አንድ የእኛው ሰው። በቀድሞው ሠራዊት ያገለገሉ፣ አሁን ነዳጅ ማደያ ማታ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ልበላቸው። አስተማሪው ከባሕር ኃይል እግረኛ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሴት ስለሆንሁ ቀስ ብሎ ያላስረዳኝ ሰው ነው። ይህን የምጠቅሰው ለሴት አንባቢዎች ነው። ከዚያ በፊት በደወልሁበት ሌላ ቦታ ስልኩን ያነሣው ሰው ስለ ሮዝ ቀለም ሽጉጥ ነበር የነገረኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት አራቱ ሕጎች ናቸው። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት ጎርሷል ብለህ ያዝ። ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዙን አታዙር። ዒላማህን እስክትወስን ጣትህን ከቃታው አርቅ። ከዒላማህ ኋላ ያለውን እወቅ። በአራተኛው ላይ አስተማሪው ጥሩ አድርጎ ቆየ። «አፓርትመንት የምትኖሩ እጃችሁን አውጡ» አለ፤ አብዛኞቻችን አወጣን። የእኛ አገር ቤት ግድግዳ ድንጋይ ወይም ጭቃ ነው፤ የዚህ አገሩ ክፍልፋይ ግን ከወረቀትና ከጀሶ የተሠራ ነው። ዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት እሱን አልፎ፣ የሚቀጥለውንም አልፎ፣ ጎረቤት ልጅ የተኛበት ክፍል ሊገባ ይችላል። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ሲል አየሁት። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ማዶ የተኛችው ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ የመሣሪያው አሠራር መጣ። አስተማሪው አንድ ግሎክ ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ በትኖ «ማን ይሞክራል?» ሲል ጋሼ ተነሡ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ትንሽ ቀደም ብለው ነግረውኝ ነበር። ክፍሎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ሰውየው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ገጥመው አስቀመጡት። ክፍሉ አጨበጨበ። እርሳቸው ግን «ይሄ መጫወቻ ነው» ብለው በአማርኛ አጉረምርመው ተቀመጡ።

የሕጉ ክፍል ከጠበቅሁት በላይ ደኅና ነበር፤ ምክንያቱም አስተማሪው አቋሙን አልደበቀም፣ የሌላውንም ወገን አላጣመመም። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በእንግሊዝኛው 27 ቃል ብቻ ነው። ግማሹ በሥርዓት የተደራጀ የሕዝብ ጦር ለነፃ አገር ደኅንነት እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ግማሹ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት አይጣስም ይላል። ጠቡ ሁሉ የመጀመሪያው ግማሽ ሁለተኛውን ያስረዋል ወይስ አያስረውም በሚለው ላይ ነው። ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ቤት ማስቀመጥን ከልክላ ነበር። ዲክ ሄለር የሚባል ሰው የፌዴራል ሕንፃ ጠባቂ ነበር፤ ቀን መንግሥትን ታጥቆ ይጠብቃል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሽጉጥ መያዝ አይችልም። ከሰሰ። በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት፤ ዳኛ ስካሊያ መብቱ የእያንዳንዱ ሰው ነው ብለው ጻፉ። ዲሲ ውስጥ ስንት አበሻ በጥበቃ ሥራ ዳቦ እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው የሄለር ጉዳይ የሩቅ ታሪክ አይመስልም።

እዚያው ላይ ስካሊያ መብቱ ገደብ የሌለው እንዳልሆነም ጽፈዋል፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ሕንፃዎች ላይ ያሉትን ክልከላዎች አልነኩም። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ስቲቨንስ ድንጋጌው ስለ ሕዝብ ጦር ነው አሉ። ሌላው ዳኛ ብሬየር ደግሞ የግል መብት ነው ብንል እንኳ ወንጀል የበዛባት ከተማ ሽጉጥን መከልከሏ ምክንያታዊ ነው አሉ። እኔ ለብሬየር እቀርባለሁ። አስተማሪው የስካሊያ ሰው ነው፤ ሆኖም «መብቱ ያለ ገደብ ነው የሚል ሰው ፍርዱን ራሱን አላነበበም» ሲል ሰምቼ አከበርሁት።

ደስ ያለኝ ደግሞ የተቀመጥንበትን የኮርሱን የራሱን ታሪክ መናገሩ ነው። ሜሪላንድ ሕጉን ያወጣችው በ2013 ነው፤ በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ። ተቃዋሚዎች ከሰሱ፤ በኅዳር 2023 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ያሉት ችሎት መብት ለመጠቀም ይህን ያህል መጠበቅ አይገባም ብሎ ሕጉን ጣለው። በነሐሴ 2024 ሙሉው ፍርድ ቤት ተሰብስቦ መለሰው፤ በጥር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ከፍለን የገባንበት ክፍል ሊዘጋ ጥቂት ነበር የቀረው። አስተማሪው እንጀራው ከኮርሱ ቢሆንም «ሕጉ ቢወድቅ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ለድኻ ሰው ክፍያው፣ አሻራውና የቀረው የሥራ ቀን ተደምሮ ዋጋው ከባድ ነው ብሎ ያምናል። የኤል ሳልቫዶሩ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ የምጥለው አይደለም፤ እኛ ሁለት ሰው ሆነን ገና ሽጉጡን ሳናይ ያወጣነው ከ400 ዶላር በላይ ነው።

በዕረፍቱ ሰዓት ቡናችንን ይዘን ውጭ ቆምን፤ እውነተኛው ክርክር የነበረው እዚያ ነው። ጋሼ «መሣሪያ መንግሥት ብቻ ሲይዝ ምን እንደሚሆን እኛ ነን የምናውቀው፤ ፈረንጁ ምን ያውቃል?» አሉ። ባለቤቴ ተቀበላቸው። እኔ ግን እናቴ የምትነግረን ትዝ አለኝ። በ1969 ዓ.ም. አሰሳው ጉለሌ ሲደርስ በራችንን ያንኳኩት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሦስተኛ ቤት ያለው የጎረቤት ልጅ ነበር። የትናንት ሥራ ፈት፣ በማግስቱ ጠብመንጃ ተሰጥቶት። «ጋሼ፣ የመጣብን ጦሩ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤትም ታጥቆ ነው የመጣው» አልኋቸው። ቡናቸውን ጨለጡና «ለዚያ እኮ ነው እናትሽም መያዝ የነበረባት» አሉኝ። «ይዛ ብትገኝ ኖሮማ እኔ አልወለድም ነበር» አልሁ። ሳቁ፤ ግን አልተስማሙም፣ እኔም አልተስማማሁም። እርሳቸው ትንሽ ዝም ብለው «በእኛ ጊዜ መሣሪያው የመንግሥት ነው፤ አንድ ጥይት ከጎደለብህ ታስረህ ታድራለህ። እዚህ ማን ነው የሚቆጥርብህ?» አሉ። ያን ያሉት እየወቀሱ ይሁን እያደነቁ አልለየሁትም።

ከዕረፍት በኋላ ሱቅ ስለሚሞላው የፌዴራል ፎርም ተነገረን፤ ለአበሻ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለሌላ ሰው ብሎ መግዛት የለም። «ለአጎቴ ልጅ በእኔ ስም ላውጣለት» የሚባለው ደግነት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ ፎርሙ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ለአዋቂ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ በፌዴራሉ ሕግ ግን አልተፈቀደም፣ ፎርሙም የፌዴራል ነው። እጄን አውጥቼ ስለ ጫት ጠየቅሁ። አስተማሪው ጫትን አያውቅም። እኔ ከሥራዬ እንደማውቀው ትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ አንደኛው መደብ ውስጥ ነው፤ ከሄሮይን ጋር ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በርጫ የሚቀመጥ ሰው «አይ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ያሰሙት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለሾፌሮችም አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳ፤ ሐሳቡ ሽጉጡን በኋላ ሙሉ ፈቃድ አውጥቶ መኪና ውስጥ ሊያደርገው ነበር። ኡበር ተሳፋሪውም ሾፌሩም መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል። ዲሲም የሜሪላንድን ፈቃድ አይቀበልም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ቁልቁል ሲነዱ ድንበሩን ማለፍዎን የሚነግርዎት አንድ ምልክት ብቻ ነው። ሰው ለማውረድ ምልክቱን ያለፈ ሾፌር ታጥቆ ከተገኘ እስር ቤት ነው። ይህ ሲነገር ባለቤቴ ብዕሩን አስቀመጠ።

ተኩሱ። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስ ነው፤ እነዚህ ግን አይሰስቱም። መጀመሪያ ትንሿን .22፣ ቀጥሎ ሙሉ ካዝና ዘጠኝ ሚሊሜትር ሰጡን። ከእያንዳንዱ ሰው ጎን አንድ ረዳት ይቆማል። እጄ አላበኝ፤ ድምፁ በጆሮ መከላከያው አልፎ ደረት ይመታል። ባለቤቴ ጠብመንጃ እንጂ ሽጉጥ አልለመደም፤ ትከሻውን አቅርቦ ቃታውን በኃይል ሲስብ ጥይቱ ከዒላማው ወረቀት በታች ሄደ። ረዳቱ ሳያፌዝ አያያዙን አስተካከለለት። የእኔ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ነበር የታዩት፤ ወረቀቱን ቤት ይዤው መጥቻለሁ፣ ፍሪጅ ላይ ግን እንዳልለጥፈው ተለምኛለሁ።

አሁን አንድ ኮከብ ተኩል ያስቀነሰኝ። በአራቱ ሰዓት ውስጥ ሌባ ተነሥቷል፣ ቤት ሰባሪ ተነሥቷል፣ ያበደ ሾፌር ተነሥቷል። ሕፃናትም ተነሥተዋል፤ ይህን አልክድም። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተውን እንደሚከለክል በደንብ አስረድተው፣ ለእያንዳንዳችን የኬብል ቁልፍ በነፃ ሰጥተውናል። ራስን ስለ ማጥፋት ግን አንድ ቃል አልተነገረም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። አንድ የሽጉጥ ኮርስ ይህን ካልተናገረ ከግማሽ በታች ነው ያስተማረው።

የማታ ፈረቃ ላይ ያለን ሰዎች የምናውቀው ነገር አለ። ያ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በሌላ መንገድ የሞከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ከተረፈም ብዙው ሰው ተመልሶ አይሞክርም። በጥይት ከሞከሩት ግን ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ይሞታሉ። እነሱ ወደ እኔ ክፍል የሚመጡት ከስንት አንድ ነው። እኛ ደግሞ ከቀብር ስንመለስ «በድንገት ነው» ብለን የምንዘጋ ሕዝብ ነን። ሥራ ያጣ አባት፣ ኮሌጅ የከበደው ልጅ፣ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ ያጣች እናት በየቤታችን አሉ። የኬብሉ ቁልፍ ሕፃኑን ያግዳል፣ ሌባውንም ያዘገያል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሰው ግን አያግደውም።

ሜሪላንድ ለዚህ ያወጣችው ሕግ አለ። ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባል ወይም ሚስት፣ የቤተሰብ አባል፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ አደጋ ያሰጋዋል ከሚሉት ሰው መሣሪያው ለጊዜው እንዲወሰድ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። አስተማሪው ይህን በአንድ ስላይድ፣ ያውም እንደ ማስጠንቀቂያ አለፈው፤ «ሰው ተጣልቶ ሊከስሳችሁ ይችላል» በሚል። ሲያልቅ ለብቻው ይዤው ጠየቅሁት። በትሕትና «ስቴቱ ያዘዘውን ነው የምናስተምረው፤ ለሌላው ሰዓት የለንም» አለኝ። ሰዓትማ ነበር፤ የተለያዩ የጥይት ዓይነቶችን እያነጻጸረ ግማሽ ሰዓት አሳልፏል። አንድ ስላይድ፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው የሚደውልበት 988 የሚለው ስልክ ቁጥርና «ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት አውጡ» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ።

እኛስ? ባለቤቴ ፈቃዱን ሊያወጣ አሻራ ሰጥቷል። መብቱ ነው፣ ፍርድ ቤቱም ብሎለታል፤ እኔ የምከራከረው ስለ ቤቴ ነው። ከገዛ የቁጥር መቆለፊያ ባለው የብረት ሣጥን ይቀመጣል፣ ቁጥሩን ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብያለሁ። «እንግዲያው ሽጉጡ ያንቺ ነው የሚሆነው» አለ። ድርድሩ ቀጥሏል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዱ ብቻ አይሂድ፣ ሁለታችሁም ተመዝገቡ። የጧቱን ክፍል ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ መለማመጃው ስለሚሞላ ድምፁ እስከ መማሪያው ይሰማል። አንገቱ ሰፊ ልብስ አትልበሱ፤ ከሽጉጡ የሚፈናጠረው ቀለሃ ይፋጃል፣ አጠገቤ የነበረችው ሙሽራ ደረቷ ውስጥ ገብቶባት ስትዘል ረዳቱ እጇን ባይዝ አፈሙዙ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ሲጨርሱ እጅን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ የጥይት እርሳስ እጅ ላይ ይቀራልና ልጅ ከማቀፍ በፊት ልብስ ቀይሩ። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው አስተርጓሚ የላቸውም፤ ለጋሼ ግማሹን ያስተረጎምሁት እኔ ነኝ፣ ቅናሽ ግን አልተደረገልኝም።